ተኝቷል ወይስ አስተኝተውታል?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከውጭ አገር የምትመጣውን ታናሽ እኅቴን ለመቀበል ወደ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ነበር። አብሮኝ የነበረው የታላቅ እኅቴ ልጅ ነው። አበባ ከያዙ ሰዎችና ልጅ ካዘሉ እናቶች መካከል ከመኪና ማቆሚያው ዳር ቆመን ስንጠብቅ፥ አንድ አምቡላንስ መብራቱን እያበራ ነገር ግን ድምፁን ሳያሰማ ቀስ ብሎ በፊታችን አለፈ። የኋላው መጋረጃ ገለጥ ያለ ስለ ነበረ በውስጡ የተጋደመ ሰው፥ ፊቱንም የሸፈነው የኦክስጅን ጭምብል ለአንድ አፍታ ታየን። ለሕክምና ወደ ውጭ የሚሄድ በሽተኛ መሆኑን ገመትሁ።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆነው የእኅቴ ልጅ ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ያ ሰውዬ ተኝቷል ወይስ አስተኝተውታል?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ሰው በማስተኛት እንጀራዬን የበላሁ የሰመመን ባለሙያ ነኝ። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄአለሁ፤ እነሆ ይህን የመሰለ ግን አላጋጠመኝም። በነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሌሊት ከዚያው ከቆምንበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ የደረሰብኝን ነገር አስታወሰኝ። ለልጁ የነገርሁትን ለአንባቢም ልንገር።

አንድ ሰው በመኪና ተገጭቶ ራሱን ሲስት ፈጥኖ ሊገድለው ከሚችለው ነገር አንዱ የገዛ ምላሱ ነው። ምላስ ወደ ኋላ ወድቆ የአየሩን መንገድ ይዘጋል፤ ደምና ትውከትም ወደ ሳንባ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ቀላል ነገር ነው፤ መንጋጋን ወደ ፊት መሳብ፥ አፍን በመምጠጫ ማጽዳት፥ በአምቡ ባግ አየር መስጠት። ይህ ካልበቃ በአፍ በኩል ቱቦ ወደ መተንፈሻው ቧንቧ ይገባል። «ራሱን ከሳተ ወዲያ ማስተኛት ለምን ያስፈልጋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ብዙው በሽተኛ ራሱን የሳተ ቢመስልም ሰውነቱ አልተሸነፈም። ቱቦው ጉሮሮውን ሲነካው ጥርሱን ይገጥማል፥ ያቅለሸልሸዋል፥ በተጐዳው ጭንቅላቱም ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ የሚያስተኛ መድኀኒት፥ አንድ ደግሞ ጡንቻን የሚያላላ መድኀኒት ተከታትለው ይሰጣሉ። ጡንቻ የሚያላላው ብቻ ቢሰጥና የሚያስተኛው ቢረሳ፥ ሰውዬው ሁሉን እየሰማና እያወቀ ጣቱን እንኳ ለማንቀሳቀስ የማይችል ይሆናል። ከዚህ የከፋ ሥቃይ ያለ አይመስለኝም።

ነገር ግን መድኀኒቶቹ በገቡ በደቂቃ ውስጥ ሰውዬው መተንፈሱን ያቆማል። ከዚያ በኋላ ትንፋሹ የርሱ አይደለም፤ የአስተኚው ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በሽተኛው አብዛኛውን ጊዜ ጾሞ ያደረ ነው፥ መብራት አለ፥ አልጋው ከፍና ዝቅ ይላል፥ ቢቸግር የሚጠራ ሰው አለ። በመንገድ ላይ ግን ጕልበቴን በአስፋልት ላይ አሳርፌ፥ የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ የሠራሁበት ጊዜ አለ።

በኛ ከተማ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የቦሌ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በባሕር ዳርቻ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት እዚህ 580 ገደማ ነው። በሽተኛውን ከማስተኛታችን በፊት ንጹሕ ኦክስጅን የምናስተነፍሰው ትንፋሹ በሚቆምበት ጊዜ የሚበላው ስንቅ ይኖረው ዘንድ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ያው ሳንባ ያንኑ ያህል ቢሞላ ስንቁ በሩብ ያህል ያንሳል። የውጭ አገር መጽሐፍ «ይህን ያህል ደቂቃ አለህ» ቢለን ያ መጽሐፍ በየትኛው ከፍታ እንደ ተጻፈ ማሰብ ይገባናል።

አንድ የሰመመን ባለሙያ በአምቡላንስ ላይ ምን ያደርጋል ይባል ይሆናል። በአገራችን አምቡላንስ ማለት ለረጅም ጊዜ በሽተኛን አንሥቶ የሚያደርስ መኪና ማለት ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ከተቋቋመ ጀምሮ ይህን ሥራ ሲሠራ ኖሯል፤ (ከዚህ በታች የውጭውን ነገር የምጠቅስበት ዓመት ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው)። በኋላም መንግሥት ለየወረዳው ያደላቸው አምቡላንሶች በይበልጥ ምጥ የያዛቸውን እናቶች ከቤታቸው ለማንሣት የታሰቡ ነበሩ፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። በ2008 ግን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሰመመን ነርስ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው በሦስት መኪና «ጠብታ» የተባለውን የግል አምቡላንስ ጀመሩ። ሁለት ዓመት ቆይቶም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለድንገተኛ ሕክምና ልዩ ሐኪሞች ማሠልጠን ተጀመረ። የመጀመሪያው ሰው ከኛ ሙያ መውጣቱ እኔን አላስደነቀኝም። የአየር መንገድ መዘጋት ምን እንደሆነ በየቀኑ የሚያየው የሰመመን ሠራተኛ ነው፤ በሽተኛው ወደኛ ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ታፍኖ መቅረቱም የሚቈጨው እሱን ነው። እኔም ይኸው ቍጭት ገፋፍቶኝ፥ እውነቱን ለመናገር የወር ደመወዜም ወሩን ስለማያደርሰኝ፥ ስሙን በማልጠቅሰው ሌላ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ አንዳንድ ሌሊት በአምቡላንስ መውጣት ጀመርሁ።

ሌሊቱ በ2005 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነበር። አንድ በሽተኛ አውሮፕላን ላይ አድርሰን፥ ሾፌሩ፥ አንዲት ነርስና እኔ ባዶውን አምቡላንስ ይዘን ስንመለስ፥ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ቦሌ ሚካኤል አጠገብ ከቀለበት መንገዱ ዳር ሁለት ዘበኞች እጃቸውን እያወናጨፉ አስቆሙን። ሠላሳ ዓመት ያህል የሚሆነው ሰው ተገጭቶ ወድቋል፤ የገጨው መኪና የለም። ሰውዬው እንደሚያንኮራፋ ሆኖ ይተነፍሳል። ከአፉ ደም ይወጣል፥ ጥርሱ እንደ ወጥመድ ገጥሟል። የእጁ ምት ፈጣንና ቀጭን ነበር።

ነርሷ ወጣት ናት፤ ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመት አይሞላትም። አፉን እየመጠጠች፥ «ጋሼ፥ በጐኑ አስተኝተን ይዘነው እንሩጥ፤ መንጋጋውን እኔ እይዛለሁ» አለችኝ። ሆስፒታሉ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይርቃል። እኔ ግን አልሰማኋትም። የሰመመን ባለሙያው እኔ ነኝ፤ ቱቦ ማስገባት የማውቅ እኔ ነኝ፤ በሽተኛው ደግሞ በፊቴ ነው። ላውሮፕላኑ በሽተኛ የያዝናት ትንሽ ሣጥንም አጠገቤ ነበረች።

በሣጥኗ ውስጥ የሚያስተኙ መድኀኒቶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ፕሮፖፎል ነው፤ መልኩ ወተት ይመስላል፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰ፥ በሽተኛውን በለስላሳ እንቅልፍ የሚወስድና በቶሎ የሚመልስ፥ በቀዶ ሕክምና ክፍል እጄ ከሁሉ ይበልጥ የለመደው መድኀኒት ነው። ሁለተኛው ኬታሚን ነው። ኬታሚን በድሀ አገር ሆስፒታል ውስጥ የቆየ ባለውለታ ነው። በ1962 በአሜሪካ ተሠርቶ፥ በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጥቶ፥ በ1970 ተፈቀደ፤ ከ1985 ጀምሮም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኀኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ከሌሎቹ የሚለይበት ምክንያት ብዙ ነው። ሕመምን ይገድላል፤ በልክ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ትንፋሽን አያቆምም፤ ደም ሥር ቢጠፋ በጡንቻ ይወጋል፤ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። በሽተኛው ዓይኑን እንደ ገለጠ በአካል እዚህ፥ በአሳብ ሌላ አገር ይሆናል። ጉድለቱም አለ፤ ምራቅ ያበዛል፥ ሲነቁም ቅዠት ያመጣል፤ አንዲት እናት ከቀዶ ሕክምና ነቅታ «መላእክት ጣራው ላይ እህል ሲወቁ አየሁ» ብላኛለች።

እንግዲህ በዚያ ሌሊት ለምን ኬታሚንን ተውሁት? ስማር «ጭንቅላቱ ለተጐዳ ሰው ኬታሚን አይሰጥም፤ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ይጨምራል» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፎልኝ ነበር። ይህ ትምህርት በ1970ዎቹ በጥቂት በሽተኞች ላይ ከታየው ነገር የመጣ ነው፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን አላጸኑትም። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ይህን አላነበብሁም ነበር። ስለዚህ ወተቱን መረጥሁ። መጠኑንም በቀዶ ሕክምና ክፍል እንደ ልማዴ አሰብሁ፤ ቀጥዬም በበረዶ ዕቃ ከያዝነው፥ ሙቀት ከሚያበላሸው ከሱክሳሜቶኒየም ሰጠሁት።

ቱቦው በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። በዚያች ደቂቃ ኩራት ተሰማኝ፤ ይህን ልደብቀው አልፈልግም። ሾፌሩ እንኳ «አቤት እጅ!» አለ። ከዚያ በኋላ ነርሷ ጣቶቿን ከሰውዬው አንጓ ላይ ሳታነሣ፥ «ጋሼ፥ ምቱ ጠፋብኝ» አለችኝ።

ምን ሆነ? ጭንቅላቱን ብቻ አይቼ ሆዱን አላየሁም ነበር። ሰውዬው ጣፊያው ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ይደማ ነበር። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ግፊቱን የሚጠብቅለት የሰውነቱ ጭንቀት ነው፤ የደም ሥሮቹ ተኰማትረው፥ ልቡ እየተጣደፈች የቀረችውን ደም ለአንጐል ያደርሳሉ። የሚያስተኛው መድኀኒት ያን ጭንቀት ያባርረዋል፤ የተኰማተረውን ሥር ያላላዋል። በቱቦ ወደ ሳንባ የሚገፋው አየርም ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይቀንሰዋል። ስለዚህ እኔ ያስተኛሁት ሰውዬውን ብቻ አልነበረም፤ ጠባቂውንም አብሬ አስተኛሁት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1934 ለሰው መሰጠት የጀመረው ቲዮፔንታል በ1941 በፐርል ሃርበር የቆሰሉትን ወታደሮች ከቦምቡ ይልቅ ጨረሰ እየተባለ ሲወራ ኖሯል፤ ወሬው እጅግ የተጋነነ መሆኑ በኋላ ተረጋግጧል። ትምህርቱ ግን ትክክል ነበር፤ ደም ለፈሰሰው ሰው የጤነኛ መጠን አይሰጥም። ለተማሪዎች ራሴ አስተምሬዋለሁ።

ሁለት ከረጢት ፈሳሽ እየጨመቅን አደረስነው፤ ምቱም ተመለሰ። ሐኪሞቹ ሆዱን ከፈቱ። ጎሕ ሲቀድ ሞተ። የሰጠሁትን መድኀኒት፥ መጠኑንና ሰዓቱን በወረቀት ጽፌ አስረክቤ ነበር፤ ጧት ስመለስ ወረቀቱን ከሰውዬው ጫማ ጋራ በአንድ ፌስታል ውስጥ አየሁት። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የነገርሁት አንድ ትልቅ ሐኪም፥ «ደሙ አልቆ ነበር እኮ፤ አንተ ምን ታደርግ?» አለኝ። ምናልባት እውነቱን ነው። ምናልባትም ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት «ኬታሚን ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ» እያልሁ ኖሬአለሁ። ይህ ጸጸት ማንበብ አስወደደኝ። በፈረንሳይ አገር ሐኪሙ ራሱ በአምቡላንስ እየወጣ በሽተኛውን ባለበት ስለሚያክም፥ በሩቅ ሆኜ የምቀናባቸው ናቸው፤ ውጤቱ በ2009 በወጣ ጥናት 655 በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለእኩሌታው ኬታሚን፥ ለእኩሌታው ኤቶሚዴት ሰጡ። ኤቶሚዴት የደም ግፊትን ብዙም የማያናጋ መድኀኒት ነው፤ ነገር ግን ከኩላሊት በላይ ያለውን፥ ሰውነት መከራን የሚቋቋምበትን ቅመም የሚያመነጨውን ዕጢ ለጊዜው ያዳክማል። በውጤቱ የዕጢው መዳከም በኤቶሚዴት በኩል በዝቶ ታየ፤ በበሽተኞቹ የሕመም ክብደትና በሞት ረገድ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እኔም «እነሆ ኬታሚን ምንም አይወጣለትም» ብዬ ደስ አለኝ።

በ2025 መጨረሻ ደግሞ ከአሜሪካ ሌላ ወጣ። ከ2,300 በላይ ጽኑ ሕመምተኞች በነዚያው በሁለቱ መድኀኒቶች ተመዘኑ። የሞቱት ሰዎች ቍጥር በሁለቱም በኩል ተቀራራቢ ነው። ነገር ግን በማስተኛቱ ጊዜ የደም ግፊታቸው የወደቀባቸው በኬታሚን በኩል በዝተው ተገኙ። ይህን ባነበብሁበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዐሥር ዓመት ከዚያ በላይ የተሸከምሁት ጸጸት እንኳ በትክክለኛው ቦታ ላይ አልነበረም ማለት ነው። የታመመ ሰውነት ጭንቀቱን ጨርሶ ከሆነ ኬታሚንም ይጥለዋል። እኔ የብልቃጡን ስም ስከስ ኖርሁ፤ ነገሩ ግን በሌላ በኩል ነበር፤ ምን ያህል እንደ ሰጠሁ፥ ከመስጠቴ በፊት ፈሳሽ እንዳላስገባሁለት፥ ሆዱን በእጄ እንዳልዳሰስሁ፥ ይልቁንም ያች ልጅ «መንጋጋውን እኔ እይዛለሁ» ስትለኝ እንዳልሰማሁ።

በእንግሊዝ አገር በሄሊኮፕተር የሚወጡ አንዳንድ ቡድኖች ያደረጉት ነገር ደስ ይለኛል። ለጤናማ ግፊት አንድ መጠን፥ ደም ለፈሰሰው ሰው የተቀነሰ ሌላ መጠን፥ ሁለቱንም አስቀድመው በወረቀት ወስነው ይዘው ይወጣሉ። በሌሊት፥ በዝናብ፥ ሰው እየጮኸ ሳለ የሒሳብ ሥራ አይሠራም። ይህ ደግሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ የሚጠይቀው አንድ ወረቀትና አንድ ስብሰባ ነው። እኛም በስብሰባ አንታማም።

በበኩሌ አንድ ሰው «ለአምቡላንሳችን ምን እንግዛ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፥ ለኛ አገር አሁንም ኬታሚን እለዋለሁ፤ ማቀዝቀዣ የማይፈልግ፥ እጅ የለመደው፥ ቢሳሳቱበት እንኳ ትንፋሽን በቶሎ የማይቀማ ስለ ሆነ። ግን ከርሱ በፊት ጥሩ መምጠጫ፥ የማያፈስ ጭምብል፥ ሙሉ የኦክስጅን ጠርሙስ ይግዛ። እኔ በተሳፈርሁባቸው አምቡላንሶች ውስጥ ሦስቱን አንድ ላይ ያገኘሁበት ሌሊት ጥቂት ነው። የሚያስተኛውንም መድኀኒት የሚይዘው ሰው፥ ቱቦው ባይገባ በአምቡ ባግ ብቻ እስከ ሆስፒታል ድረስ ሊያስተነፍስ የሚችል መሆን አለበት። ይህን የማይችል ሰው ሣጥኗን ባይከፍታት ይሻላል።

የእኅቴ ልጅ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ሰማኝ። ታሪኩን ከዚያ በፊት ለቤተ ሰቤ ነግሬ አላውቅም ነበር። ከሕንፃው በር ጋሪ የሚገፉ መንገደኞች እየወጡ ነበር፤ ቅድም ያየነው አምቡላንስም መብራቱን አጥፍቶ፥ ባዶውን፥ ወደ ቀለበት መንገዱ አቅጣጫ ሲመለስ አየነው።

«ጋሼ» አለኝ፤ «ያን ጊዜ ስንት ሰጠኸው?»

«መቶ ሃያ ሚሊግራም።»

«ስንት ነበር የሚገባው?»

«ከሰጠሁት ወዲያ ወይም ሠላሳ፥ ወይም አርባ። ወይም ምንም።»

ሌላ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት አክስቱ ሁለት ሻንጣ እየገፋች ከበሩ ወጣች፤ ልጁም ጥያቄውን ትቶ ሮጠ።